የአንድ ደቂቃ ዕረፍት

በእህል ማደያ ስፍራ ሕዝብ ሲጋፋ፣ ወይም በቤታችን ክፉ ወሬ ሲደርሰን፣ ልባችን በኃይል ይመታል፤ ትከሻችን ይወጠራል። በዚያች ሰዓት የምንናገረው ቃል የተራበውን ወንድማችንን ሊያቆስል ይችላል።

ስለዚህ አስቀድመን ትከሻችንን ዝቅ እናድርግ፤ እጃችንንም እናፍታታ። በአፍንጫችን እስከ 4 እየቆጠርን አየር እናስገባ፤ እስከ 6 እየቆጠርን በቀስታ እናስወጣ። ይህን 6 ጊዜ ብንደግመው የሚፈጀው 1 ደቂቃ ነው። አየር ስናስገባ የልብ ምት ይፈጥናል፤ ስናስወጣ ይዘገያል። የማስወጫው ጊዜ የሚረዝመው ስለዚህ ነው። ራሳችንን ካዞረን ግን እናቁም።

ኤልያስ ደክሞ ሞትን በተመኘ ጊዜ (1ኛ ነገሥት 19) እግዚአብሔር አስቀድሞ አስተኛው፣ አበላው፤ ከዚያም በኋላ አዲስ ሥራ ሰጠው። የሥጋችንን ድካም ፈጣሪያችን ያውቃል። ይህች ደቂቃም ለጸሎትና ለአገልግሎት ታዘጋጀናለች።