ዶሮ ትጭራለች፣ ሰው ይቆፍራል

ባሕር ዳር፣ ለጣና ሐይቅ ቅርብ የሆነ ግቢ። የኔታ በወጣትነታቸው ብራና እየፋቁ መጽሐፍ የጻፉ የቅኔ መምህር ናቸው። ጠያቂዋ የሰባተኛ ክፍል የአማርኛ አስተማሪ ናት፤ የልጆቹን ደብተር ይዛ መጥታለች።

ጠያቂ፦ የኔታ፣ ልጆቹን ያሳሳትኋቸው እኔ ነኝ። ሰሌዳው ላይ «ጫረ = ቆፈረ = ማሰ = ፋቀ» ብዬ ጻፍሁና ዓረፍተ ነገር ሥሩ አልኋቸው። አንዱ «አባቴ የውሃ ጉድጓድ ጫረ» ብሎ አመጣ። ስሕተት ነው ስለው «ተመሳሳይ ናቸው ብለውን አልነበር?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

የኔታ፦ ልጁ እውነቱን ነው፤ ነጥቡን መልሽለት። እስቲ ያቺን ዶሮ እያት። ምን እያደረገች ነው?

ጠያቂ፦ እየጫረች።

የኔታ፦ በጥፍሯ ነው፤ ጣት የሚያህል እንኳ አትጠልቅም፤ የምትፈልገውም ጥሬ ነው። ጫረ ላይ ላዩን ነው። የልጁ አባት ግን ዶማ ይዞ፣ አፈር እያወጣ ወደ ታች ወርዷል፤ እሱ ቆፈረ። ግሥ ሲያምታታሽ እጁን ጠይቂው፤ ምን ይዟል? የት ድረስ ወረደ? ምን ሊያወጣ ነው?

ጠያቂ፦ ማሰስ? «ጉድጓድ ማሰ» ይባላል እኮ።

የኔታ፦ ይባላል። እዚያ ላይ ከቆፈረ ጋር ይገናኛሉ፤ «መቃብር ማሱ» ብትይም «ቆፈሩ» ብትይም ማንም አይታዘብሽም። ነገር ግን መድኃኒተኛውን «ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ» እንለዋለን እንጂ ሥር ቆፋሪ አንለውም። ከርከሮም የድንች ማሳ ገብቶ ሲያድር ማሰው ነው የምንለው። ማሰ ከአፈር ሥር የተደበቀ ነገር ተከትሎ የሚሄድ ቃል ነው።

ጠያቂ፦ ጫረ ግን ከአፈር ወጥቶ በጣም ሩቅ ሄዷል። ክብሪት ይጫራል፣ ጠብ ይጫራል፣ ዛሬ ዛሬ ደግሞ ጥያቄም ይጫራል።

የኔታ፦ ይህን ስትጠይቂኝ ልጅነቴ መጣብኝ። ያኔ ክብሪት በየቤቱ አልነበረም። እናቴ ገል ታስይዘኝና «ሂድ፣ ከነእገሌ ቤት እሳት ጭረህ ና» ትለኛለች። ምድጃው ዳር ቁጢጥ ብዬ አመዱን ገለጥ ገለጥ ሳደርገው ፍሙ ቀይ ሆኖ ይወጣል። ጠብ ጫሪም እንዲሁ አመድ ለብሶ የተኛውን ፍም የሚገልጥ ሰው ነው። ጋዜጠኛው «ጉዳዩ ጥያቄ ጫረ» ሲል ሰዎች የጋዜጣ አማርኛ ነው እያሉ ይነቅፉታል፤ እኔ ግን እወድለታለሁ። ጥያቄው ከአመዱ ሥር ነበረ ማለቱ ነው። ዶሮዋም ብትሆን አትቅርብሽ፤ «ዶሮ ጭራ ጭራ አወጣች ካራ» ይባላል፤ የማያስፈልገውን እየነካካ በራሱ ላይ ነገር ለሚያመጣ።

ጠያቂ፦ አረባቡስ? ልጆቹ «ይጫራል» እና «ይጭራል» ያምታታቸዋል።

የኔታ፦ በጻፈ አስለምጃቸው። ግእዙ ጸሐፈ ነበር፤ አማርኛ ሐን ውጦ ጻፈ አለው። ጽፎ፣ ይጽፋል፣ ይጻፍ እንደምትይ ጭሮ፣ ይጭራል፣ ይጫር። ምሶ፣ ይምሳል፣ ይማስ። ፍቆ፣ ይፍቃል፣ ይፋቅ። ዛቀም ከእነዚሁ ጋር ይሄዳል። «ይጫራል» የሚሆነው ሌላ ሰው ሲጭረው ነው። አከከ ደግሞ የግእዙ ሐከከ ነው፤ እሱ ለሚያሳክክ ገላ ብቻ ነው። ቧጨረ ድመትና የተናደደ ልጅ የሚያደርጉት ነው፤ ያማል።

ጠያቂ፦ የእርስዎስ ቃል?

የኔታ፦ ፋቀ? ይህን ቀስ ብለሽ አስተምሪልኝ። የፍየል ቆዳ ውሃ ውስጥ ሰንብቶ በእንጨት ላይ በገመድ ይወጠራል። በሥጋው በኩል ስቡን፣ በወዲያው በኩል ፀጉሩን በስለት ትፍቂያለሽ። እጅሽ ከከበደ ይበሳል፣ ከቀለለም ብራናው ሸካራ ይሆናል። ሲደርቅ በወስፌ ያለ ቀለም መስመር ይሰመርበታል። እንግዲህ በዚያው ቆዳ ላይ ሁለቱን ግሦች ታያለሽ፤ ስለቱ ፋቀ፣ ወስፌው ጫረ። የሚጭር ምልክት ይተዋል፣ የሚፍቅ ምልክት ያነሣል። ጸሐፊ ፊደል ሲስትም በስለት ፍቆ በቦታው ይጽፍ ነበር። ጠዋት አፍሽ ውስጥ የምትይዥውስ እንጨት መፋቂያ አይደለም?

ጠያቂ፦ «ፋቂ» ግን ስድብ ነበር።

የኔታ፦ ነበር፣ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። ይህ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል። ጣና ላይ፣ ክብራን ገብርኤል ገዳም 600 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ፣ ሥዕል ያለው ወንጌል አለ፤ ወንጌልን ሕዝቡ ይሳለማል። ያም በስለት የተፋቀ ቆዳ ነው። በቆዳ የሚያድረውን ሰው ግን «ፋቂ» ብለው ከማዕድ አራቁት። ለልጆቹ ይህንንም ንገሪያቸው፤ ቃሉ ንጹሕ ነው፣ ያቆሸሸው አፋችን ነው።

ጠያቂ፦ እነግራቸዋለሁ። ፈለፈለና ቦረቦረስ? የጣና በለስ ውሃ ወደ ኃይል ማመንጫው የሚሄድበት 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ዋሻ በየትኛው ይነገራል?

የኔታ፦ ተፈለፈለ በይ። ሁለቱም ውስጥ ባዶ ያደርጋሉ፤ ፈለፈለ ግን ባዶው ሲፈለግ ነው። ላሊበላም ተፈልፍሎ ነው የተሠራው። ነቀዝ የገባበት ማሽላ፣ ጎርፍ የበላው የጉማራ ወንዝ ዳርቻ ግን ተቦረቦረ፤ ያን ባዶነት የፈለገው የለም።

ጠያቂ፦ የዘጌ ገበሬዎችስ? ቡናቸውን ያርሳሉ ወይስ ይቆፍራሉ?

የኔታ፦ በጻድቁ አቡነ በትረ ማርያም ቃል የተነሣ ዘጌ በበሬ አይታረስም፤ እንደዚያ ነው የምንሰማው። ቡናው ግንዱ ሥር አፈሩ ላላ ላላ እንዲል ይኮተኮታል። ኮተኮተ ለተክሉ ሲባል የሚቆፈር ቁፋሮ ነው፤ ለዚህ ነው በሥነ ሥርዓት ያደገውን ልጅ «ተኮትኩቶ ያደገ» የምንለው፣ «ተቆፍሮ ያደገ» የማንለው።

ጠያቂ፦ ነገ ክፍል ስገባ ሰሌዳውን እንደገና እጽፈዋለሁ። የልጆቹ ደብተር ላይ የሰፈረውን እኩል ምልክትስ? ፍቁት ልበላቸው?

የኔታ፦ ብራና መሰለሽ? ወረቀት ሲፋቅ ይቀደዳል። ሰርዙት በያቸው።