ስምንት አኃዝ ያለው ቆጣሪና የአሥር ቀን ትዕግሥት

በዛሬው ጽሑፋችን ስለ ጊዜና ስለ ፍሪኩዌንሲ አለካክ ጥቂት እንነጋገራለን። ጽሑፉ ኤሌክትሮኒክስ ለሚነካኩ ሠልጣኞች ብቻ አይደለም። ነገ ክፍል ገብቶ ፔንዱለም የሚያወዛውዝ፣ ጊዜውን በሰዓት የሚይዝ፣ ከዚያም የተማሪውን ውጤት «ልክ ነው» ወይም «ስሕተት ነው» ብሎ ማርክ የሚሰጥ መምህር ሁሉ ጉዳዩ ይመለከተዋል። ማርክ የሚለውን ቃል ያነሣሁት በምክንያት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሠልጣኝ ለፕሮጀክት ሥራው የዲጂታል ሰዓት ሠርቶ አመጣ። የሰዓቱ ልብ በእጅ ሰዓቶቻችን ውስጥ የምትገኘው፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል የኳርትዝ ክሪስታል ናት። ይህች ክሪስታል በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትርገበገባለች። ቁጥሩ እንዲያው በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም፤ 15 ጊዜ ለሁለት ለሁለት ሲካፈል በትክክል 1 ላይ ስለሚያርፍ ነው። ስለዚህ 15 ፍሊፕ ፍሎፖች ተከታትለው ቢደረደሩ፣ ከመጨረሻው በየሰከንዱ አንድ ምት ይወጣል ማለት ነው። ልጁ ይህን ሁሉ በሚገባ ሠርቶታል፤ ብየዳውም ንጹሕ ነበር።

እኔም በገዛ እጄ የገጣጠምኩትን ፍሪኩዌንሲ ቆጣሪ አወጣሁ። ስምንት ቀያይ አኃዞች የሚያበራ፣ እውነቱን ለመናገር የምኮራበት ዕቃ ነው። ገመዱን ሳገናኘው 00032769 አለ። አልፎ አልፎ 00032768 ይልና ይመለሳል፤ የሚበዛው ግን 69ኙ ነው። ወዲያው ሒሳቡን ሠራሁ። 1 ለ32,768 ሲካፈል ከአንድ ሚሊዮን 30.5 ነው፤ በአንድ ቀን ውስጥ 86,400 ሰከንድ ስላለ፣ ሰዓቱ በየቀኑ 2.6 ሰከንድ ይቀድማል ማለት ነው።

«ሰዓትህ ይቸኩላል» አልኩት።

«መምህር፣ እኔ እኮ ለአሥር ቀን በየማታው በአንድ ሰዓት ከሬዲዮው የሰዓት ምልክት ጋር ሳስተያየው ነበር። ግማሽ ሰከንድም አላዛነፈም፤ ይኸው ይመልከቱት» ብሎ ደብተሩን ዘረጋልኝ።

«በጆሮ ሰምቶ በዓይን መገመት ሌላ፣ መሣሪያ ሌላ» ብዬ መለስኩለትና ለትክክለኛነት ከተያዘው 10 ማርክ 4 ሰጠሁት። ልጁም ደብተሩን አጥፎ ዝም አለ።

ታዲያ ከሁለታችን ልክ የነበረው ማን ነው? መልሱን ለማግኘት ቆጣሪው እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል። ተራ ፍሪኩዌንሲ ቆጣሪ በረት በር ላይ ቆሞ በግ እንደሚቆጥር ሰው ነው። በሩን ለአንድ ሰከንድ ይከፍታል፤ ያለፉትን ሞገዶች ይቆጥራል፤ ይዘጋል፤ የቆጠረውን ያሳያል። በሩ ሲከፈት ወይም ሲዘጋ ግማሽ አካሏ ውስጥ፣ ግማሽ አካሏ ውጭ የሆነች በግ አትጠፋም። እሷን መቁጠርና መተው የአጋጣሚ ጉዳይ ነው። ስለሆነም የማንኛውም ቆጣሪ ውጤት በአንድ ሊበልጥ ወይም ሊያንስ ይችላል። የምንቆጥረው 10 ሚሊዮን ሞገድ ከሆነ አንዷ በግ ከምንም አትቆጠርም፤ ከአንድ ሚሊዮን 0.1 ብቻ ናት። የምንቆጥረው 32,768 ሲሆን ግን ያቺው አንዲት በግ ከአንድ ሚሊዮን 30.5 ትሆናለች። አያችሁ? እኔ «ስሕተት» ብዬ ልጁን የቀጣሁበት መጠን ከዚህችው ከአንዷ በግ አይበልጥም። መሣሪያዬ ያንን ያህል ትንሽ ልዩነት በጭራሽ ሊያይ አይችልም ነበር። ስምንት አኃዝ ቢያበራም ሦስቱ ዜሮዎች ናቸው፤ የቀሩት አምስት ናቸው፤ የመጨረሻው አምስተኛ ደግሞ የማይታመን ነው።

አሁን ወደ ልጁ ደብተር እንመለስ። አሥር ቀን 864,000 ሰከንድ ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ግማሽ ሰከንድ ቢስት እንኳ ስሕተቱ ከአንድ ሚሊዮን 0.58 ገደማ ነው። በሬዲዮና በትዕግሥት የሠራው ልኬት፣ እኔ በመሣሪያ ከሠራሁት ከ50 እጥፍ በላይ የጠራ ነበር! የሬዲዮው ምልክት ተጉዞ እስኪደርስ ይዘገያል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ይዘገያል፤ ነገር ግን በየማታው ያንኑ ጣቢያ በዚያው ሬዲዮ እስከሰማና መዘግየቱ እኩል እስከሆነ ድረስ፣ የመጀመሪያው ቀን ከአሥረኛው ሲቀነስ መዘግየቱ ተጣፍቶ ይወጣል።

ረጅም ጊዜ መቁጠር ትንሿን ስሕተት እንዴት ጎትቶ እንደሚያወጣት የሚያሳይ አንድ ትልቅ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ በኮሶቮና በሰርቢያ መካከል በነበረው አለመግባባት ሳቢያ ከአውሮፓ የኤሌክትሪክ መረብ የኃይል ጉድለት ተፈጠረ። ከጥር አጋማሽ እስከ መጋቢት መጀመሪያ የመረቡ ፍሪኩዌንሲ በአማካይ 50 ኸርዝ መሆኑ ቀርቶ 49.996 ሆነ። ይህችን ልዩነት በተራ መለኪያ ማን ያያታል? የመብራት ኃይሉን ሞገድ እየቆጠሩ የሚሄዱት የምድጃና የራስጌ ሰዓቶች ግን ሃምሳ ቀን ያህል አጠራቅመዋት ወደ ስድስት ደቂቃ ዘገዩ። የቤት እመቤቶች ከመሐንዲሶች እኩል ያወቁት ነገር ነው።

ወደ ቆጣሪዬ ልመለስ። ለበጓ ጣጣ ሁለት መድኃኒት አለ። አንደኛው በሩን ረዘም አድርጎ መክፈት ነው፤ ለ100 ሰከንድ ቢከፈት ስሕተቱ ወደ 0.3 ይወርዳል። ሁለተኛው ብልሃት ሥራውን መገልበጥ ነው። ይኸውም ዝግተኛዋ ክሪስታል በሩን እንድትከፍትና እንድትዘጋ፣ የሚቆጠረው ደግሞ የቆጣሪው የራሱ 10 ሜጋኸርዝ ሞገድ እንዲሆን ማድረግ ነው። በአንድ ሰከንድ ውስጥ 10 ሚሊዮን ስለሚቆጠር ልኬቱ ወዲያውኑ ይጠራል። ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ለሚለካ ሰው ሁልጊዜ የሚመረጠው ይኸኛው ነው።

ነገር ግን ከዚህ የባሰ ጥያቄ አለ። በሩን «ለአንድ ሰከንድ» የሚከፍተው ማን ነው? የቆጣሪው የራሱ ክሪስታል! እሱ ቢዘገይ በሩ ከሚገባው በላይ ተከፍቶ ይቆያል፤ ያለፈው ሁሉ በዝቶ ይታያል፤ አኃዞቹም ያለምንም እፍረት ያበራሉ። ርካሽ ክሪስታሎች ከአንድ ሚሊዮን በአሥሮች የሚቆጠር ስሕተት ይዘው መሸጣቸው የተለመደ ነው።

ስለዚህ ቆጣሪውን ራሱን የሚመረምር ዳኛ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከ1967 ወዲህ ሰከንድ የምትተረጎመው በሲዚየም አቶም ነው፤ የአቶሙ ጨረር 9,192,631,770 ጊዜ ሲወዛወዝ አንድ ሰከንድ ይባላል። የሲዚየም ሰዓት በእኛ ኪስ የሚገዛ አይደለም። ደግነቱ የጂፒኤስ ሳተላይቶች አቶማዊ ሰዓት ተሸክመው በላያችን ይዞራሉ። ብርሃን በቢሊዮንኛ ሰከንድ 30 ሴንቲ ሜትር ስለሚጓዝ፣ ቦታን በትክክል ለመናገር ጊዜን በትክክል ማወቅ ግዴታቸው ነው። ስለሆነም አነስተኛ የጂፒኤስ መቀበያ እንኳ ስሕተቱ ከሚሊዮንኛ ሰከንድ የሚያንስ ምት በየሰከንዱ ይሰጠናል።

ይህንን ምት ወስጄ የቆጣሪዬን በር እንዲከፍትና ከ100 ሰከንድ በኋላ እንዲዘጋ አደረግሁ፤ የራሱንም ክሪስታል አስቆጠርኩት። አንድ ቢሊዮን ማለት ሲገባው 999,982,000 አለ። ከአንድ ሚሊዮን 18 ይዘገያል! እንግዲህ 32,768ን በዚያ መጠን ብናሳድገው 32,768.59 ይሆናል። ያ 69 እየበዛ፣ 68 አልፎ አልፎ ብቅ ይል የነበረው ለዚህ ነው። የሚቸኩለው የልጁ ሰዓት አልነበረም፤ የሚዘገየው የእኔ ቆጣሪ ነበር። ማርኩን በመዝገቡ ላይ አስተካክያለሁ፤ ለልጁም በክፍል ጓደኞቹ ፊት ነግሬዋለሁ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚምታቱ ነገሮችን ለይቶ ማየት ይገባል። ብዙ አኃዝ ማሳየት አንድ ነገር ነው፤ ልክ መሆን ሌላ ነው፤ አለመዋዠቅ ደግሞ ሦስተኛ ነው። ለኤሌክትሮኒክስ ሰው ከሁሉም የሚበልጠው ሦስተኛው ነው ባይ ነኝ። በየቀኑ ቁርጥ አምስት ሰከንድ የሚዘገይ ሰዓት ጥሩ ሰዓት ነው፤ አምስቱን ደምሮ መሥራት ይቻላል። አንድ ቀን የሚቀድም፣ አንድ ቀን የሚዘገይ ሰዓት ግን በአማካይ ልክ ቢሆንም አያስተማምንም። እንግሊዛዊው ጆን ሃሪሰን የሠራው የባሕር ሰዓት እ.ኤ.አ. ከ1761 እስከ 1762 ወደ ጃማይካ በተደረገው ጉዞ በ81 ቀን ውስጥ የሳተው 5 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው የተባለው፣ አስቀድሞ የታወቀው የየቀኑ መዛነፉ ከተቀነሰለት በኋላ ነው።

የእኔም ቆጣሪ ስላልዋዠቀ አልጣልኩትም፤ 18ቱን እየቀነስኩ እሠራበታለሁ።

የልጁ ዘዴም ቢሆን እንከን አለበት። የአሥር ቀኑን አማካይ ይነግረናል እንጂ ሌሊትና ቀን መካከል የሆነውን አይነግረንም። የእጅ ሰዓት ክሪስታል በ25 ዲግሪ አካባቢ በጣም ትፈጥናለች፤ ከዚያ ቢሞቅም ቢቀዘቅዝም ትዘገያለች። የመዘግየቷም መጠን የሙቀቱ ልዩነት በራሱ ተባዝቶ ሲመጣ ነው። 10 ዲግሪ ቢቀንስ በቀን 0.3 ሰከንድ ገደማ፣ 20 ዲግሪ ቢቀንስ ግን 1.2 ሰከንድ ያህል። በክንድ ላይ የሚውል ሰዓት የሰውነት ሙቀት ስለሚጠብቀው ይህ ብዙም አይታወቅበትም፤ የግድግዳ ሰዓት ግን ይታወቅበታል።

መሞከር ለሚፈልጉ ሠልጣኞች ቀላል መንገድ ላመልክት። የጂፒኤስ መቀበያውንና የሰዓቱን የሰከንድ መብራቶች ጎን ለጎን አድርጋችሁ በስልክ ቪዲዮ ቅረጹ። ስልኩ በሰከንድ 30 ምስል የሚያነሣ ከሆነ፣ በሁለቱ ብልጭታዎች መካከል ያሉትን ምስሎች በመቁጠር ልዩነቱን እስከ ሠላሳኛ ሰከንድ ማወቅ ይቻላል። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ይደገማል። ልጁ በጆሮው አሥር ቀን የፈጀበትን ያህል ጥራት በአንድ ቀን ታገኛላችሁ። መቀበያው በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሳተላይት ስለማይዝ በመስኮቱ ደፍ ላይ አኑሩት፤ መብራቱ ብልጭ ማለት እስኪጀምር ድረስም ታገሡ። የልጁ ሰዓት በቤተ ሙከራው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ደብተሩም በሲባጎ ታስሮ አጠገቡ አለ። የምትለኩ ሁሉ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የክፍሉን ሙቀት ጨምራችሁ ጻፉበት።