ባለ ስንት ቢት መለወጫ ይበቃናል?

በሲዲ ላይ የተቀረጸው ሙዚቃ የቁጥሮች ድርድር ነው፤ አምፕሊፋየር የሚቀበለው ግን ተለዋዋጭ ቮልቴጅ ነው። ቁጥሩን ወደ ቮልቴጅ የሚለውጠው መሣሪያ የዲጂታል-አናሎግ መለወጫ ይባላል። ለቤታችን ስቴሪዮ ስንመርጠው፣ በካርቶኑ ላይ በጉልህ የተጻፈው «32 ቢት» ሳይማርከን ጥቂት እናስላ።

እያንዳንዱ ቢት በደካማውና በኃይለኛው ድምፅ መካከል ያለውን ርቀት በ6 ዴሲቤል ገደማ ያሰፋዋል፤ ስለሆነም የሲዲው 16 ቢት 96 ዴሲቤል ይሰጣል። ጸጥ ያለ ሳሎን እንኳ የራሱ 30 ዴሲቤል ያህል ድምፅ አለው። ደካማው ድምፅ በዚህ እንዳይዋጥ ብንሻ፣ ኃይለኛው 126 ዴሲቤል ሊደርስ ነው፤ ይህ ደግሞ ጆሮን ያሳምማል! 32 ቢትማ 192 ዴሲቤል ይሆናል፤ በሬዚስተሮች ውስጥ ያለው የኤሌክትሮኖች ሙቀታዊ ሁከት ይህን ፈጽሞ አይፈቅድም።

ይልቅስ ሙዚቃው ሳይጫወት «ሽሽ» የሚል ድምፅ አለመኖሩን እናዳምጥ። የተረፈውን ገንዘብ እኔ ብሆን ለስፒከር አውለዋለሁ፤ ድምፅን አብዝቶ የሚያዛባው እርሱ ነውና።