ሞተሩ እየጋለ ኮምፒዩተሩን ለምን ይበርደዋል?

የመኪና ሞተር ከመጠን በላይ ሲግል አስቀድሞ የሚጠረጠረው ውሃ የሚያልፍበት ክፍል ነው፤ ራዲያተሩ፣ የውሃ ፓምፑ፣ ቴርሞስታቱ፣ ሲብስም የቴስታታው ጋርኒሲዮን። ጥርጣሬው መሠረት አለው። ይሁን እንጂ ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ ወዲህ በተሠሩ ብዙ የቤት መኪኖች ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ፣ ማለትም መካኒኮች ቬንቲሌተር የሚሉት፣ በኤሌክትሪክ የሚዞር ሲሆን መቼ መዞር እንዳለበት የሚወስነውም ኮምፒዩተር ነው። ኮምፒዩተሩ ከተሳሳተ ራዲያተሩ አዲስ ቢሆንም ውሃው ይፈላል። ይህ ስሕተት እንዴት እንደሚፈጠርና እንዴት እንደሚገኝ በአንድ ባልደረባችን መኪና ላይ ካየነው ተነሥተን እናስረዳለን።

መኪናዋ በአዲስ አበባ የትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ስትቆም የሙቀት መለኪያዋ ቀስት ወደ ቀዩ መስመር ይወጣል፤ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው መንገድ በፍጥነት ስትጓዝ ደግሞ ወደ መሐል ይመለሳል። ባለቤቱ ራዲያተሩን አሳጠበ፣ የውሃ ፓምፑን አስለወጠ፣ በመጨረሻም ቴርሞስታቱ ወጥቶ ተጣለ። (ቴርሞስታትን አውጥቶ መጣል በእኛ አስተያየት ጥገና አይደለም፤ ሞተሩ ጠዋት ቶሎ እንዳይሞቅ ከማድረግ በቀር የሚፈይደው ነገር የለም።) ችግሩ ግን እንደነበረ ቀጠለ። የቀረው ቴስታታውን ማውረድ ነበር፤ ይህም ከቀደሙት ወጪዎች ሁሉ የሚበልጥ ነው።

እዚህ ላይ ትልቁ ፍንጭ ሳይስተዋል ቀርቷል። መኪና በፍጥነት ስትጓዝ ነፋሱ ራሱ የማራገቢያውን ሥራ ይሠራል፤ ስትቆም ግን ራዲያተሩ ከማራገቢያው ሌላ ረዳት የለውም። ፓምፑ የደከመ ወይም ራዲያተሩ የተደፈነ ቢሆን ኖሮ ሞተሩ ይበልጥ የሚግለው ከባድ ኃይል በሚያወጣበት ጊዜ፣ ለምሳሌ ዳገት ላይ ነበር። ሲቆም ብቻ የሚግል ሞተር በመጀመሪያ የሚያስጠረጥረው ማራገቢያውን ነው።

ሆኖም ኤሌክትሮኒክሱን ከመክሰሳችን በፊት አንድ ነገር ማጣራት ነበረብን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን 0.9 ባር ያህል ግፊት አፍኖ ሲይዝ የመፍያ ነጥቡ ወደ 114 ዲግሪ ከፍ ይላል። የክዳኑ ጎማ ካረጀ ግን ውሃው ማራገቢያው ሥራ ከሚጀምርበት የሙቀት መጠን በፊት ሊፈላ ይችላል፤ ያን ጊዜ ጥፋቱ የኮምፒዩተሩ ሳይሆን የክዳኑ ነው። ክዳኑን ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ አየነው፤ ደኅና ነበር። (ሞተሩ በጋለበት ሰዓት ክዳን መክፈት ፊትንና እጅን ያቃጥላል።) ከዚያም ሞተሩን አስነሥተን ውሃው በሚወጣበት የብረት አንገት ላይ በቴርሞሜትር ለካን። ንባቡ 98 ዲግሪ ደርሷል፤ ማራገቢያው ግን አልተንቀሳቀሰም። በዚያው ቅጽበት ከኮምፒዩተሩ ጋር የተገናኘው የምርመራ መሣሪያ የሞተሩ ሙቀት 60 ዲግሪ መሆኑን ያሳይ ነበር።

የሙቀት ሴንሰሩን ሶኬት ስንነቅል ማራገቢያው ወዲያው መዞር ጀመረ። ይህ የሆነው ኮምፒዩተሩ መረጃ ሲቋረጥበት ለጥንቃቄ ሲል ማራገቢያውን እንዲያስነሣ ተደርጎ በመሠራቱ ነው። በመሆኑም ፊውዙ፣ ሪሌዩና የማራገቢያው ሞተር ጤነኞች መሆናቸውን በአንድ ሙከራ አረጋገጥን።

ታዲያ 38 ዲግሪው የት ጠፋ? ሴንሰሩ ቴርሚስተር ይባላል። ከብረታ ብረት ኦክሳይዶች የሚሠራ ሰሚኮንዳክተር ሲሆን፣ ሙቀቱ ሲጨምር በውስጡ ያሉት ኤሌክትሮኖች በቀላሉ ስለሚዘዋወሩ ሬዚስታንሱ ይቀንሳል። በዚህ ዓይነት ሴንሰር በ20 ዲግሪ 2,450 ኦም ገደማ የነበረው በ60 ዲግሪ ወደ 590፣ በ98 ዲግሪ ደግሞ ወደ 190 ኦም ይወርዳል። ኮምፒዩተሩ ሙቀትን አያውቅም፤ የሚያውቀው ቮልቴጅ ነው። 5 ቮልት በውስጡ ባለ ቋሚ ሬዚስተር በኩል ወደ ሴንሰሩ ይልክና የሚቀረውን ቮልቴጅ ወደ ዲግሪ ይተረጉማል።

አሁን በሴንሰሩ የመመለሻ ሽቦ መገጣጠሚያ ላይ ዝገት ተፈጥሮ 400 ኦም ጨመረ እንበል። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ 2,450 የነበረው 2,850 ይሆናል፤ ኮምፒዩተሩም የሚሳሳተው በ4 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሆነ ማንም አይጠረጥርም። ሞተሩ 98 ዲግሪ ሲደርስ ግን 190 የነበረው 590 ይሆናል፤ ይህም ለኮምፒዩተሩ የ60 ዲግሪ ምልክት ነው። ያው ዝገት በቅዝቃዜ ተደብቆ በሙቀት ይገለጣል ማለት ነው። መኪናዋ ጠዋት ጠዋት ጋራዥ ስትመረመር «ምንም የላትም» እየተባለች የተመለሰችው በዚህ ምክንያት ይመስለናል።

የስሕተት ኮድ አለመመዝገቡም በዚሁ ይብራራል። ሽቦው ቢበጠስ ወይም ቢገናኝ ንባቡ ሊሆን የማይችል ስለሚሆን ኮምፒዩተሩ ይነቃል፤ 60 ዲግሪ ግን ለማንኛውም ሞተር የተለመደ ሙቀት ነው። ባልደረባችን የነዳጅ ፍጆታው መጨመሩንና ካንዴላዎቹ መጥቆራቸውን ቀደም ሲል ነግሮን ነበር፤ ሞተሩ ገና እየሞቀ ነው ብሎ የሚያምን ኮምፒዩተር ተጨማሪ ነዳጅ ስለሚረጭ ይህም ከዚያው ምንጭ የመጣ ነው። የዳሽቦርዱ ቀስት እውነቱን የተናገረው በዚያች መኪና ላይ የራሱ የሆነ ሌላ ሴንሰር ስላለው ነው።

ቦታውን ለማግኘት መልቲሜትር በቂ ነው። ሶኬቱ እንደተሰካ፣ ሞተሩም እንደጋለ፣ ከሴንሰሩ የመመለሻ ጫፍ እስከ ኮምፒዩተሩ ማሳ ድረስ ያለውን ቮልቴጅ ለካን። ወደ ዜሮ የተጠጋ መሆን ሲገባው 0.77 ቮልት ሆነ። በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው ቋሚ ሬዚስተር 2,000 ኦም ቢሆን በወረዳው የሚያልፈው ፍሰት 1.93 ሚሊ አምፔር ይሆናል፤ 0.77 ቮልት ለዚህ ሲካፈል 400 ኦም ይሰጣል። ሶኬቱ ሲከፈት አንደኛው ጫፍ በአረንጓዴ ዝገት ተሸፍኖ ተገኘ። ላቫጆ ላይ ሞተር በከፍተኛ ግፊት ሲታጠብ ውሃ ወደዚያ መግባቱ አይቀርም፤ ከመታጠቡ በፊት ሶኬቶቹን በፕላስቲክ መሸፈን ይጠቅማል።

የዛገው ጫፍ ተቆርጦ በአዲስ ተተካ፤ አዲስ ቴርሞስታትም ተገጠመ። ሞተሩን አስነሥተን ቆመን ጠበቅን። የምርመራ መሣሪያው 97 ዲግሪ ሲያሳይ ማራገቢያው በራሱ ተነሣ፤ ንባቡ 90 ሲደርስም ቆመ። ቴስታታው ከቦታው አልወረደም።