ለሞተረኞች ማሳሰቢያ፦ ጌጁን ሳይሆን ኪሎሜትሩን እመኑ

ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሞተረኛ ጌጁን አይቶ «ገና ብዙ አለኝ» ቢል አይፈረድበትም። ቁልቁለቱ ላይ የሚቃጠለው ቤንዚን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን መውጣት ሲጀምር ነው ጉዱ የሚታየው። 40 ኪሎሜትር ገደማ በሚሆነው በዚህ መንገድ በጌጅ የተሸወደ ሰው ሞተሩን እየገፋ ዳገቱን ይወጣዋል። ብዙ ማደያ በሌለበት፣ ያለውም ዛሬ ይቀዳ አይቀዳ በማይታወቅበት አገር፣ የሚከተሉትን ልብ በሉ።

«ግማሽ» ስላለ ግማሽ ነው ብላችሁ አትነሱ። ጌጁ የሚለካው ሊትር አይደለም፤ ታንኩ ውስጥ የሚንሳፈፈው ነገር ምን ያህል ከፍ እንዳለ ብቻ ነው የሚያሳየው። የሞተር ታንክ ደግሞ ከሥሩ በሻሲው ግራና ቀኝ የተንጠለጠለ፣ ላዩ ሰፊ፣ ታቹ ጠባብ ነው። ስለዚህ የላይኛው ግማሽ ቀስ ብሎ ሲወርድ የታችኛው ይሮጣል። ሞተሩ በጎን መቆሚያው ላይ ተጋድሞ ወይም ዳገት ላይ ቆሞ ጌጅ ማንበብማ ጭራሽ ራስን ማታለል ነው። ሜዳ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አንብቡ።

የሞተራችሁን ፍጆታ ራሳችሁ ለኩ። ታንኩን ሞልታችሁ ኪሎሜትሩን ጻፉ፤ እንደልማዳችሁ ነድታችሁ እስከዚያው መስመር ድረስ እንደገና ሙሉ፤ የሄዳችሁትን ኪሎሜትር ለቀዳችሁት ሊትር አካፍሉ። 210 ኪሎሜትር በ6 ሊትር ከሆነ በሊትር 35 ነው። ታንካችሁ 11 ሊትር ቢይዝ በወረቀት 385 ኪሎሜትር ያስኬዳል፤ እኔ ግን 280 ላይ ማደያ መፈለግ እጀምር ነበር። ሰው ከኋላ ሲጫን፣ መንገዱ ጭቃ ሲሆንና በአንደኛ ማርሽ ሲኬድ፣ ጎማው ሲተነፍስ፣ የአየር ፊልትሮው በአቧራ ሲደፈን ያ 35 ይወርዳል። የኪሎሜትር ገመዱ የተበጠሰበት ሞተር ካላችሁ ከሁሉ በፊት እሱን አስጠግኑ።

ሪዘርቭ ተጨማሪ ነዳጅ አይደለም። ያው የታንኩ ነዳጅ ነው፤ የነዳጅ መክፈቻው «ኦን» ላይ ሲሆን ከፍ ካለ ቱቦ ይወስዳል፣ «ሪዘርቭ» ላይ ሲሆን ከታች ይወስዳል፣ ልዩነቱ ይኸው ነው። ከቀዳችሁ በኋላ መክፈቻውን ወደ «ኦን» መመለስ አትርሱ። ከረሳችሁ የሚቀጥለው ማስጠንቀቂያ አይኖርም፤ ሞተሩ የሚቆመው የመጨረሻዋ ጠብታ ስታልቅ ነው። አንድን ሞተር በፈረቃ የምትነዱ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች በተለይ ርክክብ ስታደርጉ መክፈቻውን በእጃችሁ ዳስሱ፤ መጨረሻ የተቀዳበትን ኪሎሜትርም ታንኩ ላይ በፕላስተር ለጥፉ። መክፈቻ የሌላቸው አዳዲስ ሞተሮች ማስጠንቀቂያቸው መብራት ነው። መብራቱ እየበራ በዝምታ አትንዱ፤ የነዳጅ ፓምፑ የሚቀዘቅዘው በራሱ በቤንዚኑ ነው፣ ሲደርቅ ይቃጠላል።

ጌጁ ከተበላሸ ከንጹሕ ደረቅ እንጨት መለኪያ ሥሩ። ከባዶ ጀምራችሁ በየሊትሩ እየነከራችሁ ምልክት አድርጉበት፤ ከብዙ ጌጅ ይሻላል። ክዳኑን ከፍታችሁ ስታዩ ግን ክብሪትም ላይተርም አታቀርቡ፤ የስልክ መብራትም ቢሆን ራቅ አድርጋችሁ ያዙት።

ቤንዚን ለመቆጠብ ብላችሁ ቁልቁለት ላይ በፎሌ አትውረዱ። የሞተሩ መያዝ ይጠፋና ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል፤ የሚተርፈው ጥቂት ቤንዚን ነው።

በሃይላንድ ቤንዚን ይዛችሁ አትጓዙ፣ ቤት ውስጥም አታስቀምጡ። የመንገድ ዳር ሃይላንድ ዋጋው መናሩ ሳያንስ ውኃ ወይም ላምባ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ጌጁ ትክክል ቢሆንም ሞተሩ ላይነሳ ይችላል። ታንኩን እስከ አፉ አትሙሉ፤ ቤንዚን በፀሐይ ይሰፋል፣ ይፈሳልም።

መንገድ ላይ ካለቀባችሁ ከአስፋልቱ ሙሉ በሙሉ ውጡ፤ ማታ ከሆነ አንጸባራቂ ልበሱ። ከሌላ ሞተር ስትበደሩ ቤንዚን በአፍ አትሳቡ፤ ሳንባ ከገባ ይገድላል። መክፈቻ ካለው ሞተር ነዳጁን የሚወስደውን የጎማ ቱቦ ነቅላችሁ በራሱ ጊዜ እንዲወርድ አድርጉ። የዋጠ ሰው ካለ አታስመልሱት፣ ወተትም አታጠጡት፤ በአስቸኳይ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።