ቋንቋን መማር፣ ከአገሬው ጋር መኖር፦ ለጭሮና ለአካባቢዋ አዲስ አገልጋዮች

ከውጭ አገርም ሆነ ከሌላ የሀገራችን ክፍል ለሐዋርያዊ አገልግሎት ወደ ምዕራብ ሐረርጌ የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ አማርኛን በአዲስ አበባ ጀምሮ ነው ጭሮ የሚደርሰው። በከተማይቱ፣ ማለትም በቀድሞዋ አሰበ ተፈሪ፣ ይህ አማርኛ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለሱቅና ለመሥሪያ ቤት ይበቃዋል። ነገር ግን ወደ ሂርና፣ ወደ በዴሳ ወይም ወደ ገለምሶ ወጣ ብሎ በገበያ ቀን ከገበሬው ጋር ሲገናኝ ንግግሩ ሁሉ በአፋን ኦሮሞ ይሆንበታል፤ በሚኤሶ በኩል ደግሞ ሶማልኛም ይሰማል። እንግዲህ ወይ ዘመኑን ሁሉ በአስተርጓሚ ይናገራል፣ ወይ እንደገና ተማሪ ይሆናል።

የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ወንጌል ተልእኮ ባወጣው ድንጋጌ፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም እ.ኤ.አ. በ1990 በጻፉት መልእክት ልዑካን የሚያገለግሉትን ሕዝብ ቋንቋ መማር እንደሚገባቸው አስተምረዋል። ለእኛ ግን ትምህርቱ ከዚያ አስቀድሞ በሥራ የታየ ነው። የዛሬው የሐረር ቪካሪያት እ.ኤ.አ. በ1846 ለኦሮሞ ሕዝብ ሲቋቋም የመጀመሪያው ሐዋርያዊ እንደራሴ የሆኑት ካፑቺኑ አቡነ ማስያስ ብዙ ደክመው እ.ኤ.አ. በ1852 ጉድሩ ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1867 በፓሪስ ያሳተሙት የሰዋስው መጽሐፍ አማርኛንና አፋን ኦሮሞን አንድ ላይ የያዘ፣ ያውም ለልዑካን ተብሎ የተዘጋጀ ነው። ሁለቱን በአንድ ጥራዝ ማቅረባቸው ለጭሮ አገልጋይ ዛሬም የሚበጅ ምክር ይመስለናል፤ አማርኛውን ስጨርስ ኦሮምኛውን እጀምራለሁ ለሚል ሰው አማርኛው መቼም አያልቅለትምና። (በዚያ ዘመን መጻሕፍት ኦሮሞ የሚጠራበት ሌላ ስም ዛሬ እንደ ስድብ ስለሚቆጠር አንባቢ ወደ አፉ እንዳያስገባው እናሳስባለን።)

በአማርኛ ተማሪውን የሚያስቸግረው መጥበቅና መላላት ነው። «ገና» ሲላላ «እስካሁን»፣ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው፤ ፊደሉ ግን አይለየውም። በቁቤ መጥበቁም የአናባቢው ርዝመትም በጽሑፍ ይታያል፦ «ለፈ» መሬት፣ «ላፋ» ለስላሳ። ይሁን እንጂ ቁቤ የላቲን ፊደል ስለ ሆነ አውሮፓዊው አስቀድሞ ያወቀው ይመስለዋል። ኤክስ «ጠ»፣ ሲ «ጨ»፣ ኪው «ቀ» እንደ ሆኑ ካላጠና አንባቢ ይሆናል እንጂ ሰሚ አያገኝም። «እውነት» ማለትም «ዹጋ» የሚጀምርበት ድምፅ በጣልያንኛም በአማርኛም የለም፤ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከልጆች አፍ ይወሰዳል።

በአዲስ አበባ «እርስዎ» ማለትን የለመደ ሰው በሐረርጌ አንድ ሽማግሌ «አንተ» ቢሉት ንቀት አይምሰለው፤ የአገሩ የመቀራረብ አነጋገር ነው። እርሱ ግን ለሽማግሌ «እርስዎ»ን፣ በኦሮምኛም «ኢሲን»ን አይተው።

አብዛኛው ጎረቤታችን ሙስሊም ነው። ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም፣ ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያን አለመብላቱ በአገራችን የቆየ ልማድ ስለ ሆነ፣ በበዓል ጎረቤት የሚጋብዝ ቁምስና አስቀድሞ ሙስሊም አራጅ ይጠራል፣ ድስቱንም ይለያል። ከቡና ቅጠል የተፈላ ቁጢ የቀረበለት እንግዳ ደግሞ ቢያንስ ይቅመስ።

ስለ ጫት የሚቸኩል ፍርድ ብዙ በር ይዘጋል። በጨርጨር ኮረብታዎች ጫት የገበሬው ልጆች ደብተርና ልብስ ነው፤ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለውም ቤተሰብ ለማኖር አስቦ ነው። ጉዳቱን አንክድም፣ በወጣቶቻችን ላይ እናየዋለን። ሆኖም የገበሬውን ሒሳብ በገዛ ቋንቋው ተቀምጦ ያልሰማ ሰው በዚህ ነገር ላይ ባይሰብክ እንመርጣለን።

ካቴኪስቶች ሆይ፣ እናንተም ድርሻ አላችሁ። አዲሱ አባ ወይም ሲስተር ሲሳሳቱ በአክብሮት ዝም ማለት ልማዳችን ነው። ስብከት ስታስተረጉሙም የተጣመመውን አቅንታችሁ ታልፋላችሁ፤ ሕዝቡ ይረዳል፣ ሰባኪው ግን አይማርም። ከቅዳሴ በኋላ ለብቻቸው ንገሯቸው። ለቅሶ ስትደርሱና ሕመምተኛ ስትጠይቁ ይዛችኋቸው ሂዱ፤ በዚያ የሚነገረው አጭር ነው፣ የሚበዛው አብሮ መቀመጥ ነው። «ረቢ ሲ ሃ ፈዪሱ»፣ ማለትም «እግዚአብሔር ይማርህ»፣ የምትለውን አስጠኗቸው፤ ለመጀመሪያው ወር ይህችን ብቻ ይዘው ቢገቡ ይበቃቸዋል።