ስለ አርዘ ሊባኖስና ስለ ሹፍ ተራራ ደን

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ትምህርት

አርዘ ሊባኖስ የሚባለውን ዛፍ ስሙን ያልሰማ የተማረ ሰው በአገራችን አይገኝም። ዳዊት የደገመ ሁሉ ከመዝሙሩ ያውቀዋል፤ መጽሐፈ ነገሥትን ያነበበም ንጉሥ ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን በዚህ እንጨት እንዳሠራ ያውቃል። ነገር ግን ዛፉ የሚበቅልበት ተራራ ምን እንደሚመስል፥ በተራራው የሚኖረው ሕዝብ በምን እንደሚተዳደር፥ ብዙ ሺህ ዓመት ሲቆረጥ የኖረው ዛፍ እስከ ዛሬ እንዴት ሊተርፍ እንደ ቻለ የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው። ይህ ትምህርት የተጻፈው ይህን ለማስረዳት ነው። በውስጡ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ይህ ዛፍ «ዝግባ» ተብሎ ተተርጕሟል። በአገራችን ደን የሚበቅለው ዝግባ ግን የሌላ ወገን ዛፍ ነው። የኛ ዝግባ ቅጠሉ ቀጭንና ጠፍጣፋ ነው፤ ፍሬውም ክብ ነው። የሊባኖሱ አርዝ ግን ቅጠሉ እንደ መርፌ የሾለ ሆኖ በጥቅል በጥቅል ይበቅላል፤ ፍሬውም በቅርንጫፉ ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም፥ በቅርፊት የተደራረበ እንቍላል መሳይ ነው። ስለዚህ መምህሩ ልጆቹ ሁለቱን አንድ እንዳያደርጓቸው ሊያስጠነቅቃቸው ይገባል።

1ኛ፤ ስለ አገሩ አቀማመጥና ስለ አየሩ

ሊባኖስ በሜዲቴራኒያን ባሕር ምሥራቃዊ ዳር የምትገኝ አገር ናት። ስፋቷ 10,452 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በውስጧም ከሰሜን ወደ ደቡብ፥ ከባሕሩ ጋራ ጎን ለጎን፥ ርዝመቱ 160 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ተራራ ተዘርግቷል፤ የሊባኖስ ተራራ የሚባለው ይህ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ራሱ 3,088 ሜትር ከፍታ አለው። ከዋናው ከተማ ከቤይሩት በደቡብ ምሥራቅ ያለው የተራራው ክፍል ሹፍ ይባላል። በሹፍ ጫፍ የቆመ ሰው በምዕራብ ባሕሩን፥ በምሥራቅ ደግሞ የበቃዓን ሸለቆ ቍልቍል ያያል።

የዚያ አገር ወራት ከኛ የተለዩ ናቸው። እኛ ክረምት በምንለው በሐምሌና በነሐሴ በሊባኖስ ዝናብ የለም ለማለት ይቻላል፤ ምድሩ ይደርቃል፥ ሣሩም ይቃጠላል። ዝናቡ የሚወርደው በብርዱ ወራት፥ ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው። በዚያን ጊዜ በተራራው ራስ ላይ አመዳይ ይወርድና እንደ ነጭ ሸማ ይሸፍነዋል።

ይህ አመዳይ ለአገሩ ጎተራ ማለት ነው። የተራራው አለት ኖራ ድንጋይ ስለ ሆነ ስንጥቅና ዋሻ የበዛበት ነው። ብርዱ ሲያልፍ አመዳዩ ቀስ በቀስ እየቀለጠ በስንጥቁ ይሰርጋል፤ ከዚያም በበጋው ወራት ከተራራው እግር ምንጭ ሆኖ ይወጣል። የባሩክ ምንጭ እንዲህ ያለ ነው፤ ውሃው ወደ ታች ሲወርድ አዋሊ የሚባል ወንዝ ሆኖ በሲዶና አጠገብ ከባሕር ይገባል። በምሥራቁም እግር የሚፈልቁት ምንጮች የአሚቅን ረግረግ ያጠጣሉ። የአውሮፓ ብርድ ሲቀርብ ሽመላና ንስር በብዙ መንጋ ሆነው በዚህ ሸለቆ ላይ ወደ ደቡብ ያልፋሉ። ከነዚህም ወፎች ሲናንና የዓባይን ሸለቆ አልፈው አገራችን ድረስ የሚመጡ አሉ።

2ኛ፤ ስለ ዛፉ ጠባይ

አርዝ ብርድንና ከፍታን የሚወድ ዛፍ ነው። በሊባኖስ ብዙውን ጊዜ ከ1,200 ሜትር በላይ ይበቅላል። ቅጠሉ በማናቸውም ወራት አይረግፍም። በልጅነቱ እንደ ግንብ ጫፍ ሾሎ ይቆማል፤ ሲያረጅ ግን ቅርንጫፎቹን ወደ ጎን ይዘረጋል፤ ቅርንጫፎቹም ደርብ በደርብ እንደ ተሠራ ሰገነት ይሆናሉ። ሲመቸው ቁመቱ እስከ 40 ሜትር ይደርሳል። እንጨቱ መልካም መዓዛ ያለው ዘይት ስላለበት ነቀዝና ብስባሽ በቀላሉ አይደፍሩትም።

ይሁን እንጂ ይህ ዛፍ በማደግ እጅግ የዘገየ ነው። ፍሬ ለመስጠት እስከ አርባ ዓመት ያህል ይቆያል። ዘሩም ከቅርፊቱ ተለይቶ ከወደቀ በኋላ ጥቂት ጊዜ በብርድና በእርጥበት ውስጥ መቆየት ያስፈልገዋል። በአመዳዩ ሥር ተኝቶ ይከርማል፤ አመዳዩ ሲቀልጥም በዚያው ውሃ ይበቅላል። የመጀመሪያውን ደረቅ በጋ ካለፈ፥ ፍየልም ካልበላው፥ ዛፍ ለመሆን ተስፋ አለው። እንግዲህ አርዝን የሚተክል ሰው የሚተክለው ለራሱ ሳይሆን ለልጅ ልጁ ነው፤ አንድ ሺህ ዓመት የቆመውን አርዝ የሚቆርጥ ሰው ግን ሥራውን በአንድ ቀን ይጨርሳል።

3ኛ፤ ነገሥታት ደኑን እንዴት እንደ ቆረጡት

የግብጽ ምድር ረዥም እንጨት የላትም። ስለዚህ የግብጽ ነገሥታት ከጥንት ጀምሮ ወደ ሊባኖስ መርከብ ይልኩ ነበር። ዛሬ ከ4,500 ዓመት በላይ የሆነው ንጉሥ ስኔፍሩ በ40 መርከብ የዚህን አገር እንጨት እንዳስመጣ በጥንት ድንጋይ ላይ ተጽፎ ይገኛል። የልጁ የኩፉ መርከብም በ1954 ከታላቁ ፒራሚድ አጠገብ ከመሬት ውስጥ ተገኝቷል፤ ርዝመቱ 43 ሜትር ነው፤ የተሠራውም በአርዘ ሊባኖስ ነው። ይህን ያህል ዘመን ተቀብሮ ሳይበሰብስ መገኘቱ የእንጨቱን ጽናት ያስረዳል።

ንጉሥ ሰሎሞንም ከጢሮስ ንጉሥ ከኪራም ጋራ ተዋውሎ እንጨቱን አስቈርጧል። መጽሐፈ ነገሥት እንደሚናገረው 30,000 ሰዎች በሦስት ተከፍለው፥ በየወሩ 10,000 እየሆኑ በተራ ወደ ሊባኖስ ይሄዱ ነበር። የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆርም አርዝ ማስቈረጡን በሊባኖስ ተራራ አለት ላይ አስቀርጾ ትቷል። ሁሉም የቆረጡት ለቤተ መቅደስ፥ ለቤተ መንግሥትና ለመርከብ ነው፤ የተከለ ንጉሥ ግን በነዚህ ጽሑፎች አይታይም።

ከነገሥታቱ መካከል ስለ ደኑ መጠበቅ ያሰበው የሮማ ቄሣር አድሪያኖስ ነው። እርሱ ከ117 እስከ 138 ሲነግሥ በተራራው አለቶች ላይ ጽሑፍ አስቀረጸ፤ አራት ዓይነት ዛፎች የቄሣር ናቸው፥ የቀሩት ግን ለሕዝብ ናቸው የሚል ነው። ከነዚህ ጽሑፎች ከ200 የሚበልጡ እስከ ዛሬ ተገኝተዋል። ነገር ግን ክልከላው የቆመው በቄሣሩ ኃይል ብቻ ነበር፤ ኃይሉ ባለፈ ጊዜ ድንጋዩ ቀረ፥ ደኑም ተመነጠረ። በ1876 ደግሞ በሰሜን በብሸሪ አጠገብ ያለው ጥንታዊ የአርዝ ደን ፍየል ችግኙን እንዳይበላው በእንግሊዝ ንግሥት በቪክቶሪያ ወጪ የድንጋይ አጥር ታጠረለት። ይህ ደን እስከ ዛሬ አለ፤ ሆኖም አጥሩ የጠበቀው አንዱን ሥፍራ ብቻ ነው።

4ኛ፤ ስለ ሹፍ ሕዝብና ስለ ሥራው

በሹፍ መንደሮች ድሩዞችና ክርስቲያኖች አብረው ይኖራሉ። አባቶቻቸው ቍልቍለቱን በድንጋይ ካብ እየከፈሉ እርከን ሠሩ፤ ካቡ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተነባበረ የተሠራ ነው። እርከኑ አፈሩን ከመታጠብ ይጠብቃል፥ ውሃውንም ያቆያል። በላዩም ወይራ፥ ወይንና በለስ ተክለዋል። ከሕንጻዎቻቸውም አሚር በሺር ዳግማዊ በ1788 ማሠራት የጀመረው የቤይት ኤድ ዲን ቤተ መንግሥት የታወቀ ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት የተራራው ሰው ሥራውን ወደ ሐር አዘነበለ። የሐር ትል የሚበላው የእንጆሪ ዛፍ ቅጠል ስለ ሆነ ብዙው እርከን በእንጆሪ ዛፍ ተሸፈነ፤ ሐሩም ወደ ፈረንሳይ አገር ወደ ልዮን ይሸጥ ነበር። ገንዘብ ገባ፤ ነገር ግን እህሉ ከውጭ የሚገዛ ሆነ። አንደኛው የዓለም ጦርነት በመጣ ጊዜ ባሕሩ ተዘጋ፤ የቱርክ ሠራዊት እህሉን ወሰደ፤ በ1915ም አንበጣ ወረደ። ሐር አይበላምና ከ1915 እስከ 1918 በተራራው ላይ እጅግ ብርቱ ረኃብ ሆነ፤ ከሕዝቡ ሢሶው እንዳለቀ ብዙዎች ይገምታሉ። በዚያው ጊዜ ለባቡር ማንደጃ የሚሆን እንጨት ስለ ተፈለገ ብዙ ደን ተቈረጠ። ከዚህም ምድሩን በአንድ ተክል ብቻ መሸፈን ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ መማር ይቻላል።

ኋላም ከ1975 እስከ 1990 በሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት ሆነ። በ1983 ጦርነቱ በሹፍ ጸና፤ ጎረቤት ከጎረቤቱ ተለያየ፥ ብዙ ሰዎችም መንደራቸውን ጥለው ተሰደዱ። የሚጠግነው ያጣ የእርከን ካብም ፈረሰ።

5ኛ፤ ደኑ እንዴት እንደ ተከለለ

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በ1996 የሹፍ አርዝ ደን በሕግ ተከለለ። በ2005 ደግሞ ዩኔስኮ የሚባለው የዓለም መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት ደኑን በዙሪያው ካሉት መንደሮችና ከአሚቅ ረግረግ ጋራ አንድ አድርጎ መዘገበው። ስፋቱ 500 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይኸውም ከአገሩ ስፋት ከሃያ እጅ አንዱ ይሆናል። በውስጡ በማዓስር፥ በባሩክና በዐይን ዛልታ ሦስት የአርዝ ደኖች አሉ፤ በሊባኖስ ከተረፈው አርዝ ሩብ ያህሉ የሚገኘው በነዚህ ነው። ተኩላ፥ ጅብ፥ ጃርትና የዱር አሳማም ይኖሩበታል። ከሊባኖስ ጠፍቶ የነበረውን የኑብያ ዋሊያንም ለመመለስ ተጀምሯል፤ ይህ እንስሳ የስሜናችን ዋሊያ የቅርብ ዘመድ ነው።

አከላለሉ በሦስት ቀለበት የተከፈለ ነው። በመካከሉ ያለው ደን ፈጽሞ አይነካም። በዙሪያው ያለው ሁለተኛው ቀለበት በልክና በፈቃድ ብቻ የሚሠራበት ነው። በሦስተኛው ቀለበት ከሃያ የሚበልጡ መንደሮች ከነእርሻቸው ይገኛሉ። የዚህ አከላለል ምሥጢር መንደሮቹን ከደኑ ማስወጣት ሳይሆን የደኑን ጥቅም ወደ መንደሮቹ ማስገባት ነው። የመንደሩ ሰዎች የደን ጠባቂና የእንግዳ መሪ ሆነው ደመወዝ ያገኛሉ። ሴቶችም ማርና የፍሬ ማርማላታ አዘጋጅተው በደኑ መግቢያ ለሚመጣው እንግዳ ይሸጣሉ። የፈረሰውም እርከን እንደ ገና ይካባል። ደኑ ሲሣሣ የሚወጣው ጭራሮና የወይራው ጭማቂ ዝቃጭ ተጨምቆ ለምድጃ የሚሆን ማገዶ ይሠራበታል፤ በዚህም እሳት አስጊ የሆነው ጭራሮ ይቀንሳል፥ ድኃውም ይሞቃል።

6ኛ፤ ዛሬም ስላለው ሥጋት

ይህ ሁሉ ቢሆንም ሥጋቱ አላለቀም። የዓለም አየር እየሞቀ ስለ ሄደ በተራራው የሚወርደው አመዳይ እየቀነሰ፥ የሚቈይበትም ጊዜ እያጠረ ነው። አመዳይ ሲቀንስ ዘሩ በደንብ አይበቅልም፥ ምንጩም ይደክማል፥ እሳትም ይበረታል። በሰሜን በታኑሪን ደን በ1990ዎቹ ዓመታት የአርዝን ቅጠል የሚበላ ትል ተነሥቶ ብዙ ዛፎችን ጎድቷል። ከ2019 ጀምሮ ደግሞ የአገሩ ገንዘብ ዋጋው ስለ ወደቀ ነዳጅ ተወደደ፤ ብዙ ሰዎችም በብርዱ ወራት ቤታቸውን ለማሞቅ እንጨት መቍረጥ ጀመሩ። ሕግ የሚፈተነው በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው። ልጆቹ በብርድ የሚንቀጠቀጡበትን አባት አዋጅ ብቻውን አያግደውም፤ በአዋጁ አጠገብ ሌላ ማገዶ የሚሰጠው ያስፈልጋል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ይህ ነው። አድሪያኖስ በድንጋይ ላይ ጻፈ፤ ቪክቶሪያ አጥር አሳጠረች፤ ሁለቱም መልካም ናቸው። ደኑን ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚያሻግረው ግን በአጠገቡ የሚኖር፥ ከቆመው ዛፍ እንጀራውን የሚያገኝ ሕዝብ ነው። በአገራችንም በገዳማትና በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር የቆሙት ጥድና ዝግባ የተረፉት ሕዝቡ የኔ ብሎ ስለ ጠበቃቸው ነው።

ለመምህሩ የሚሆን ምክር

ይህ ትምህርት በሁለት ቀን ቢሰጥ ይሻላል። በመጀመሪያው ቀን ስለ ተራራውና ስለ ዛፉ ይነገር፤ በሁለተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ ተጋብዘው በመንደሩ ስለ ነበሩትና ስለ ጠፉት ዛፎች ለልጆቹ ይንገሩ። ከዚያም የሚከተሉት ጥያቄዎች ይጠየቁ።

1. የኛ ዝግባና አርዘ ሊባኖስ በምን ይለያያሉ?
2. በተራራ ራስ ላይ የወረደ አመዳይ በበጋ ምንጭ የሚሆነው እንዴት ነው?
3. የሐር ንግድ ገንዘብ ሲያመጣ ሳለ ሕዝቡ በረኃብ ጊዜ የተጎዳው ስለ ምንድር ነው?
4. የአድሪያኖስ ክልከላና የሹፍ ሦስት ቀለበቶች በምን ይለያያሉ?
5. በመንደራችን ከሁሉ የሚያረጀው ዛፍ የትኛው ነው? እስከ ዛሬስ ማን ጠበቀው?